ገና ወንዝ ባልሆነ ውሃ ዳር

የጉዞ ማስታወሻ፦ ዳንግላ፣ እንጅባራ፣ ዘንገና

ባሕር ዳር ላይ «ወንዝ ዳር እንገናኝ» ያለ ሰው የትኛው ወንዝ ተብሎ አይጠየቅም። ዓባይ ከጣና እንደወጣ ከተማዋን ሰንጥቆ ያልፋል። በዳሩ የሰማዕታት ሐውልት ከነአዳራሹ ቆሟል። ከኮረብታው ላይ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የቤዛዊት ቤተ መንግሥት ሁሉንም ቁልቁል ያያል። ግንቦት 2016 የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ ድልድይ ደግሞ ማታ ማታ መብራቱን ለማየት ብቻ የሚሄድበት ሰው አፍርቷል። ሙሽራውም፣ ተመራቂውም፣ ለስብሰባ የመጣውም ውሃውን ከኋላው አድርጎ ፎቶ ይነሳል።

ወደ አዊ ስወጣ የያዝኩት ጥያቄ ከዚህ የመጣ ነው። የዳንግላና የእንጅባራ ሰው ውሃ ዳር መቀመጥ ሲያምረው የት ይሄዳል? ድግስ ሲኖርበት የት ይደግሳል? ለእንግዳ የሚያሳየው ታሪኩስ የት ቆሟል?

እርግጥ ጥያቄውን ያባባሰብኝ የአዲስ አበባ ወሬ ነው። በ2011 ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ በ29 ቢሊዮን ብር ይለማል ሲባል የቀበና ወንዝን ሽታ የምናውቅ ሰዎች ሳቅን። ለዚያው ሥራ ገንዘብ ማሰባሰቢያ በተዘጋጀው «ገበታ ለሸገር» ላይ አንድ ሰው ለእራት የተቀመጠው 5 ሚሊዮን ብር ከፍሎ ነበር። ጳጉሜን 2012 ላይ ግን በቻይና መንግሥት ድጋፍ የተሠራው ወዳጅነት ፓርክ ተመረቀ፤ የሳቅነውም ልጆቻችንን ይዘን ገባን። ከዚያ ወዲህ የክልል ከተማ ሹም ሁሉ ስለ ወንዝ ዳር ፓርክ፣ ስለሚከራይ አዳራሽና ስለ ፏፏቴ ሲያወራ ይሰማል። ክፉ ነገር አይደለም። ብቻ ወንዝ እንደ ሰው ዕድሜ አለው፤ ባሕር ዳር ላይ ጎልማሳ የሆነው ውሃ አዊ ላይ ገና ድክ ድክ የሚል ሕፃን ነው። ለጎልማሳው የተሰፋው ልብስ ለሕፃኑ ይሆናል ወይ የሚለው ነው ጉዳዩ።

በዚህ ዘመን ጎጃም ለመሄድ የሚነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «መንገዱ ክፍት ነው?» ብሎ ነው። ክፍት ነበር። ሚኒባሱ እስኪሞላ ጠብቀን ወጣን፤ ከሞላ በኋላም ረዳቱ ሦስት ሰው ጨመረ። መርዓዊን አልፈን ወተት ዓባይ ላይ ግልገል ዓባይን በድልድይ ተሻገርን። ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ ተነስቶ ጣና የሚገባው ወንዝ ይህ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ምንጩ ድረስ ሄዶ «የዓባይን መነሻ አገኘሁ» ብሎ ደስታው ወሰን አጥቶ ነበር። ስፔናዊው ኢየሱሳዊ ፔድሮ ፓኤዝ ግን በ1618 እ.ኤ.አ. ቀድሞት አይቶታል፤ ብሩስ ይህን ለመቀበል ሞቱ ነበር። ለአካባቢው ሰው ሁለቱም እንግዶች ናቸው። ከእነሱ በፊትም ሰው እዚያ ጠበል ይጠመቅ ነበር።

ዱርቤቴን ካለፉ በኋላ አየሩ ይቀየራል። መስኮት ይዘጋል፤ ጋቢ ይወጣል። ዳንግላ ከባሕር ዳር 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ብላ ተቀምጣለች።

ዳንግላ ላይ የዝናብ ውሃ ሁለት ሐሳብ አለው። በወረዳው ሰሜን ምሥራቅ የዘነበው ወደ ግልገል ዓባይ ወርዶ ጣና ይገባል። በምዕራብ የዘነበው በለስን ተከትሎ ወደ መተከል ቆላ ይነጉዳል። ጣና የገባው በጢስ ዓባይ ወጥቶ፣ ጎጃምን በሙሉ ከቦ፣ ከበለሱ ወንድሙ ጋር የሚገናኘው ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ውስጥ ነው። ከ2002 ወዲህ ደግሞ የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ የሐይቁን ውሃ በዋሻ ወደ በለስ ስለሚያሻግረው፣ ከጠብታዎቹ አንዳንዶቹ አቋራጭ አግኝተዋል። አንድ ማሳ ላይ ጎን ለጎን የወደቁ ሁለት የዝናብ ጠብታዎች እንደገና እስኪተያዩ ስንት አገር እንደሚዞሩ ማሰብ በራሱ ጉዞ ነው።

የዚህ ሁሉ ትርጉሙ ግን ቀላል ነው። ዳንግላ ውስጥ በሁለት ወገን ግንብ ሊሠራለት የሚችል፣ ድልድይ የሚያምርበት ወንዝ የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው ጅረት ነው፤ ከጅረቱ የበለጠ ጨፌ ነው። የየሰዉ ጓሮ ጉድጓድ አለው፤ ውሃው ቅርብ ነው። ከከተማው ጠርዝ ወጣ ስል ያገኘሁት «ወንዝ ዳር» ይህን ይመስላል፦ የረጠበ አረንጓዴ ሜዳ፣ መሐሉ ላይ ቄጤማ የሸፈነው ቀጭን ውሃ፣ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች፣ ከብት የሚጠብቁ ልጆች፣ በረጅም ገመድ የታሰረ ፈረስ። አግዳሚ ወንበር የለም። ድንጋይ አለ፤ ተቀመጥኩ። ከልጆቹ አንዱ «ጋሼ፣ ያ ድንጋይ የልብስ ነው» ብሎ አስነሳኝ። ለካ ልብስ የሚመታበት ነው። ወደ ሌላኛው ዞርኩ።

አንድ ነገር እዚህ ልናገር። ጨፌ ለባለሥልጣን ዓይን ባዶ ቦታ ይመስላል። ማንም አልሠራበትም፤ ማንም አላጠረውም፤ ክረምት ሲሆን ይዘፍቃል። ስለዚህ ፓርክም ሲታሰብ፣ ሼድም ሲታሰብ፣ መናኸሪያም ሲታሰብ ጣት የሚቀሰረው ወደዚያ ነው። ነገር ግን የክረምቱን ውሃ እንደ ስፖንጅ ጠጥቶ በበጋ ቀስ እያለ የሚለቀው እሱ ነው። የበጋው ጅረት ከእሱ ነው የሚወጣው። ደርቆ ድንጋይ ከተነጠፈበት ፓርኩ ይገኛል፤ «ወንዝ ዳር» የተባለበት ወንዝ ግን አይኖርም።

ይህች ትንሽ የደጋ ከተማ በውሃ ምክንያት ከዓለም ፖለቲካ ጋር የተገናኘችበት ዘመን ነበር። እንግሊዞች ለሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የሚሆን ቆንስላ የከፈቱት ጎንደር ወይም ደብረ ማርቆስ አይደለም፤ ዳንግላ ነው። ግንቦት 1894 ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል ዓባይን፣ ጣናንና ሶባትን የሚገድብ ሥራ ያለ ስምምነት እንዳይሠራ የሚል አንቀጽ ገብቶ ነበር፤ ግብፅንና ሱዳንን የያዘው መንግሥት ዓይኑ ከጣና ላይ አልተነሳም። ከቆንስሎቹ ሁሉ ስሙ የቀረው ሻለቃ ሮበርት ቺዝማን ከ1925 እስከ 1934 እ.ኤ.አ. ዳንግላ ተቀምጦ ሠርቷል። ወፍ የሚወድ፣ በእግሩም በበቅሎም የማይደክም ሰው ነበር። ጣናን ዞሮ፣ የዓባይን ሸለቆ ተከትሎ ካርታ አነሳ፤ ስለዚሁ የጻፈው መጽሐፍ በ1936 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ታተመ። ጣሊያን አገሪቱን ሲይዝ ደግሞ ያ ሁሉ የመንገድና የመሻገሪያ እውቀቱ ካርቱም ውስጥ ለጦርነቱ ሥራ ዋለ።

ቡና እየጠጣሁ ቆንስላው የነበረበትን ቦታ ጠየቅኩ። ቡና ያፈሉልኝ እናት «እንግሊዞች የነበሩበት?» ብለው በአንድ በኩል ጠቆሙኝ። አጠገቤ የተቀመጡ አዛውንት «ኧረ እሱ የጣሊያን ነው፤ የእንግሊዙ በዚያ ነው» ብለው በሌላ በኩል። ሁለቱ እየተከራከሩ ሁለተኛው ቡና ወረደ። ስዞርም ይህ ነው የሚል የተጻፈ ድንጋይ አላየሁም። ለእኔ ለዳንግላ የመጀመሪያው የፓርክ ሥራ ፏፏቴ አይደለም፤ አምስት መስመር የተጻፈበት አንድ ጥርብ ድንጋይ ነው። የዓባይ ጉዳይ የአገር ሁሉ መነጋገሪያ በሆነበት ዘመን፣ ባዕድ መንግሥት ውሃውን ሊሰልል ሰው ያስቀመጠባት ከተማ ታሪኳን በቡና ላይ ክርክር ብቻ መተው የለባትም።

ከዳንግላ እስከ እንጅባራ ያለው ወደ 40 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ላይ ሌላ ታሪክ ተኝቷል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12፣ 1933 ከሱዳን ድንበር ኡም ኢድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ሰቅለው ሲገቡ ያቀኑት ወደ በላያ ተራራ ነው፤ የዚያ አገር ባላባት ታፈረ ዘለቀ የአርበኞች ወገን ነበሩ። እንግሊዛዊው ኦርድ ዊንጌት የሚመራው የጌዴዎን ጦር ከበላያ ወደ ደጋው ወጣ። ጣሊያን በየካቲት ዳንግላንም እንጅባራንም ለቅቆ ሸሸ። ፎቶና ንግግር የበዛው በኋላ ደብረ ማርቆስና አዲስ አበባ ላይ ነው፤ በሩ የተከፈተው ግን እዚህ ነው። ለዓመታት ጣሊያንን እንቅልፍ የነሱት እነ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ ባይኖሩ ያ በር በአንድ ወር ባልተከፈተ ነበር።

ከዚያ ዘመቻ ከሁሉ የሚገርመኝ የግመሎቹ ነገር ነው። እንግሊዞች ስንቅና ጥይት ለማጓጓዝ 15 ሺህ ገደማ ግመሎች ከሱዳን አመጡ። የቆላ እንስሳ ወደ ጎጃም ገደል ሲወጣ፣ ብርድና ድንጋይ ሲያገኘው አለቀ። ለመተረክ የተረፉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የአዊ ደጋ የራሱ እንስሳ እንዳለው ማንም አልጠየቀም፤ ወይም ጠይቆ አልሰማም።

አዲስ ቅዳም ላይ ሚኒባሱ ቆሞ ድንች ተጫነ። በሁለቱም ወገን ቀጥ ብሎ የቆመ ዛፍ ነው፤ ዲከረንስ ይሉታል። የፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬ በመጀመሪያው ዓመት በችግኞቹ መሐል ጤፍ ይዘራል፤ ቀጥሎ ሣር ያጭዳል፤ በአራትና በአምስት ዓመቱ ቆርጦ ከሰል ያከስላል። ባለፉት ዓመታት በሽታ ገብቶበት ብዙ ሰው ከስሯል። ረዳቱ «የአዲስ አበባ ቡና የሚፈላው በዚህ ነው» አለኝ። ጆንያዎቹ የተደረደሩበትን ርዝመት ሳይ አላጋነነም።

እንጅባራ፣ በድሮ አጠራሯ ኮሶበር፣ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ከተከፈተባት ወዲህ የፎቅ ቁጥር ጨምሯል። በዓመት ከ2,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የሚወርድበት አገር ስለሆነ ሰዉ ስለ ጣራ ብዙ ያውቃል። በመንገድ ዳር የቀርቀሃ ወንበር፣ የቀርቀሃ መደርደሪያ፣ የቀርቀሃ አልጋ ተደርድሯል። ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ስሞክረው ነጋዴው «ጋሼ ለቤትዎ ነው ለሆቴል?» አለኝ። ለመቀመጥ ብቻ እንደሆነ ስነግረው ሳቀና «ይቀመጡ፤ ለመቀመጥ አናስከፍልም» አለ። ይህን አረፍተ ነገር ማስታወሻዬ ላይ አሠመርኩበት።

የእንጅባራ መሰብሰቢያ ቦታ ሜዳው ነው። ጥር 23 የጊዮርጊስ ዕለት የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን የሚያከብርበት። ሌላ ዓመት በዓሉን አይቼዋለሁ፤ ከየወረዳው ፈረሰኛው ጎህ ሳይቀድ ይነሳል፤ ከሩቅ የሚመጣው በዋዜማው ገብቶ ያድራል። ኮርቻው ላይ ግላስ ተነጥፏል፤ የልጓሙ ጌጥ ፀሐይ ሲያርፍበት ዓይን ያጥበረብራል። ጉግስ አለ፤ ሽምጥ ግልቢያ አለ። ከሁሉ በላይ ግን ድምፁ ነው፤ በሺዎች የሚቆጠር ሰኮና አንድ ጊዜ ሲነሳ መሬቱ ከእግር በታች ይናገራል። ዘንድሮ የደረስኩት ከበዓሉ በኋላ ነው። ሜዳው የሰኮና ዳና እንደለበሰ ደርቋል። ይህ በዓል በሐምሌ ቢሆን ኖሮ አይታሰብም ነበር፤ ያኔ ይህ መሬት ጭቃ ነው። አባቶች ያከበሩት ቅዱስ ጊዮርጊስን ነው፤ ለሜዳውም የተመቸ ወር ላይ ውሏል።

ማኅበሩ የተመሠረተው በ1932 ነው። ዓመቱን ልብ ይሏል፦ ጣሊያን ገና አልወጣም። ዓድዋ ላይ ከሰባት ቤት አገው የዘመቱትን ሰዎችና የተሸከሟቸውን ፈረሶች ለማሰብ ነው የቆመው። ሰባቱ ቤቶች አንከሻ፣ አዘና፣ ባንጃ፣ ጫራ፣ ቋኩራ፣ መተከልና ዚገም ናቸው። ሰውን የሚያስብ ሐውልት በየከተማው አለ፤ ፈረስን ከጌታው እኩል የሚያስብ ማኅበር ግን እኔ ሌላ አላውቅም። ዛሬ ከ50 ሺህ በላይ አባላት አሉት። በበዓል ቀን ብቻ የሚታይም አይደለም። አባል ሲሞት ፈረሰኛው ተሰልፎ ይሸኛል፤ ሰው ሲጣላ ሽማግሌው ከዚሁ ማኅበር ይወጣል። ስለዚህ «ታሪካዊ ቅርስህን አሳየኝ» ላለ እንግዳ እንጅባራ የምታሳየው ግንብ አይደለም። ቅርሱ ይጋልባል፤ ይበላል፤ ይታመማል፤ በየዓመቱ ግጦሽ ይፈልጋል።

ሜዳው ዳር ፈረሳቸውን የሚያግጡ አዛውንት አገኘሁ። ቁምጣ ለብሰዋል፤ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለዋል። ሰላምታው እንደ ወጉ ረዘመ፤ ከብቱ፣ ልጆቹ፣ አዝመራው፣ አገሩ ሁሉ ተጠየቀ። ከዚያ ነገሩን ጀመርኩ።

«አባቴ፣ እዚህ ከተማ እንደ አዲስ አበባው ፓርክ ቢሠራ፣ ድንጋይ ቢነጠፍ፣ አበባ ቢተከል፣ መቀመጫ ቢኖር ደስ ይልዎታል?»

«አበባ ማን ይጠላል ልጄ።» ትንሽ ዝም አሉ። «ድንጋዩ ግን ለማን ነው?»

«ለመራመጃ።»

«የኔ ፈረስ ብረት አልተመታለትም። ለምለም ላይ ሲሮጥ ነው ፈረስ የሚሆነው፤ በተወለወለ ድንጋይ ላይ እግሩን ከፍቶ ይወድቃል። እኔም አብሬ። ደግሞ የት አስረዋለሁ?»

መልስ አልነበረኝም። ያየኋቸው የፓርክ ሥዕሎች ሁሉ ላይ የመኪና ማቆሚያ አለ። የፈረስ ማሰሪያ ያለበት አንድም አላየሁም። በአዊ ደግሞ ለድግስም ለለቅሶም የሚመጣው እንግዳ እኩሌታው በፈረስ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። እሳቸው እንደ ቀልድ የጠየቁትን አንድ የከተማ ፕላን ባለሙያ በቁም ነገር ቢወስደው፣ የአዊ ፓርክ ከአገሪቱ ፓርኮች ሁሉ የተለየ ይሆን ነበር፦ ለምለም ሜዳ፣ በጥላው ሥር የሚታሰርበት ግንድ፣ ፈረስና ሰው የሚጠጡበት ንጹሕ ውሃ፣ ሽንት ቤት። ከሽንት ቤቱ በቀር ሁሉም ርካሽ ነው።

«ውሃ ዳር መቀመጥ ከፈለግህ ዘንገና ሂድ» ብለው ሸኙኝ። ሄድኩ።

ዘንገና ከእንጅባራ ወደ ጥሊሊ በሚወስደው አስፋልት ዳር ነው፤ ባጃጅ ይደርሳል። ከመንገዱ ጥቂት እንደገቡ ምድሩ በድንገት ይጎደጉዳል፤ ከታች ክብ ሐይቅ። ቀልጦ የወጣ ዓለት ከምድር ውሃ ጋር ተገናኝቶ የፈነዳበት ጉድጓድ ነው፤ በጊዜ ብዛት ውሃ ሞላበት። ጥልቀቱ 166 ሜትር ይደርሳል ተብሎ ተለክቷል፤ ስፋቱ ግን በአንድ ሰዓት የሚዞር ነው። ዙሪያውን ጫካ ከቦታል። የሚወጣበት ወንዝ የለውም። እንግዲህ ከዳንግላ ጀምሮ ስፈልገው የመጣሁት ዳር ያለው ውሃ ይህ ነው፤ እሱም ወንዝ አይደለም።

ቅዳሜ ነበር፤ የሰርግ ወር፤ ሁዳዴ ሳይገባ። ሦስት የሙሽራ መኪና ተከታትሎ ደረሰ። ቪዲዮ ቀራጩ እንደ ጦር አዛዥ ያዝዛል፤ ሙሽራው ይሳቅ፣ ሙሽሪት ወደ ውሃው ትይ፣ ሚዜዎች ይዝለሉ። ሚዜዎቹ ዘለሉ። ሌላኛው ቡድን ተራውን እየጠበቀ ከመኪናው ሙዚቃ ከፍቶ እስክስታ ወረደ፤ አገውኛም አማርኛም ተቀላቅሎ። ጦጣዎቹ ይህን ሥራ ለምደውታል። ሁሉም ዓይኑን ካሜራው ላይ ሲተክል ከአንዱ መኪና ዳቦ ይዘው ዛፍ ላይ ወጡ። አንዲት እናት «እነሱም ተጠርተዋል» አሉ።

ዘንገና ላይ የሚከራይ የለም ማለት አይደለም፤ ለስላሳ የሚሸጥ አለ፣ ፎቶ የሚያነሳ አለ፣ ፈረሱ ላይ በክፍያ የሚያስቀምጥ ልጅ አለ። ማንም ግን ሐይቁን ለሁለት ሰዓት ለብቻው አይዝም። ሦስቱ ሰርገኞች እርስ በርስ ተመራረቁ፤ የአንዱ ሚዜ በሌላው ፎቶ ውስጥ ገብቷል። የዛሬ ሃያ ዓመት ከሙሽሮቹ አንዷ አልበሟን ስትገልጥ «ይሄ ማን ነው?» ማለቷ አይቀርም።

የሚያሳስበኝ ነገር ዳገቱ ነው። የሐይቁ ዳር ቀስ ብሎ የሚጠልቅ አይደለም፤ አንድ እርምጃ ከሄዱ በኋላ መሬት የለም። ቆንጆ ጫማ ያደረገች ሙሽራ ለካሜራ ብላ እስከ ጠርዙ ስትወርድ ልቤ ተሰቀለ። እዚህ መሥራት የሚያምረው ሹም ካለ ከአዳራሽ በፊት የእንጨት ደረጃና መያዣ ይሥራ። ቀርቀሃው እንጅባራ መንገድ ዳር ተደርድሮ ይጠብቀዋል። ከጠርዙ ላይ ሆቴል ልስቀል የሚል ባለሀብት ቢመጣ ደግሞ ቆሻሻው የት እንደሚወርድ መጀመሪያ ይጠየቅ። መውጫ የሌለው ውሃ የገባበትን ሁሉ ይዞ ነው የሚቀመጠው።

ማታ እንጅባራ ተመልሼ አልጋ ከያዝኩበት ቤት አጠገብ የድንኳን አከራይ ሱቅ አገኘሁ። በር ላይ የፕላስቲክ ወንበር እስከ ጣራ ተደርድሯል፤ ትልልቅ ድስቶች ተደፍተዋል፤ ሞንታርቦ ሁለት፣ ጀነሬተር አንድ። ባለቤቱ ወጣት ነው። አሠራሩን ጠየቅኩት። ድንኳኑ በቀን ይታሰባል፣ ወንበሩ በፍሬ ይቆጠራል፣ ጀነሬተሩ ነዳጁ በተከራዩ ነው። የተሰበረ ወንበር ይከፈላል፤ የጠፋ ማንኪያ በይቅርታ ይታለፋል። ገጠር ከሆነ ሰዉ ዳሱን በራሱ ይጥላል፤ አጠናው ከባህር ዛፍ፣ ማገሩ ከቀርቀሃ፤ እሱ ሸራውን ብቻ ይልካል። እድር ያለው ደግሞ የእድሩን ድንኳን ይጠቀማል፤ ያ ሲያንሰው ወደ እሱ ይመጣል።

«ፓርክ ተሠርቶ አዳራሽ ቢከራይ ሥራህን አይነጥቅህም?»

«ሰርጉን ይወስድ ይሆናል» አለ ሳይጨነቅ። «ሰርግ ቀን ተቆርጦለት ነው የሚመጣው፤ ቀብድ ይከፍላል፣ ደረሰኝ ይቀበላል። እኔን የያዘኝ ግን ለቅሶ ነው ጋሼ። ለቅሶ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነው በር የሚያንኳኳው። የትኛው ፓርክ ነው በዚያ ሰዓት የሚከፍት? ከፍቶስ ሬሳ የሚያስገባ?»

ይህ ትክክል ነው። በየመድረኩ የሰማሁት «የሚከራይ የዝግጅት ቦታ» የሚለው ሐሳብ ሁሉ ሰው ለደስታ ብቻ የሚሰበሰብ ይመስል የተጻፈ ነው። አዊ ውስጥ ፈረሰኛው ጌጡን ለብሶ የሚወጣው ለጥር 23 ብቻ አይደለም፤ ባልንጀራውን ለመቅበርም ነው። የከተማው ሜዳ ሁለቱንም ያስተናግዳል። አጥር ያለው፣ ትኬት የሚቆረጥበት፣ ማታ የሚዘጋ ቦታ አንደኛውን ብቻ ይችላል። ፓርኩ ይሠራ፤ እኔ አልቃወምም። ሜዳውን ግን አይብላው፤ ጨፌውንም አይርገጠው። አስተዳደሩንም ከድርጅት ይልቅ ለእድሮችና ለፈረሰኞቹ ማኅበር ቢሰጡት የሚያውቁት ሥራ ነው። ሰው የሚሰበሰብበትን ቦታ ሲያዘጋጁ፣ ሲያጸዱ፣ ዕቃ ሲቆጥሩ፣ የሰበረውን ሲያስከፍሉ ኖረዋል።

የልጁ ስልክ ጠራ። አነሳና ከሰላምታው በኋላ ወረቀት ፈለገ።

«መቼ ነው? ... ከፋሲካ በኋላ ዳግማዊ ትንሣኤ ላይ፤ እሺ። ስንት ሰው? ... እሱንስ ተዉት፣ እናንተ ሦስት መቶ ካላችሁ አምስት መቶ ነው የሚመጣው። ቦታው የት ነው?» አዳመጠ። «ጨፌው ላይ? በዚያ ወቅት ዝናብ ሊጀምር ይችላል አያ፤ ውሃ ይቋጥራል። ከፍ ካለው ወገን አድርጉት፤ ሣሩንም ለፈረሱ ታተርፉለታላችሁ። አጠናውን ደግሞ ወፈር ያለ ቁረጡ፤ ነፋስ አለው።»

ዘግቶ ወረቀቱ ላይ ቁጥሩን ጻፈ፤ አምስት መቶ ሃምሳ ወንበር።